ለወተት ታንክ የተሠራ ከርነል

ስለ ኮንቴይነር (አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ለብቻው ዘግቶ ስለሚያስኬደው የኮምፒውተር ዘዴ) የማነብበው ጽሑፍ ሁሉ መብራት ለማይጠፋበት ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። ሺህ ሰርቨር ስለማስተዳደር፣ ሚሊዮን ደንበኛ በአንድ ጊዜ ስለማስተናገድ፣ በደቂቃዎች ውስጥ አገልግሎትን ከአሜሪካ እስከ ሲንጋፖር ስለመዘርጋት ያወራል። እኔ ሰርቨር የለኝም። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የከተማው ባቡር አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የታክሲ ሰልፍና የራስ እግር ነው። ንብረቴ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ፣ በካርቶን የተከማቹ ቦርዶችና ሽቦዎች ናቸው። በእጄ ያለው ሥራ ደግሞ ሰንዳፋ አካባቢ የሚገኝ አንድ የወተት ማኅበር የሰጠኝ ነው። አንተን ከኮንቴይነር ጋር ምን አገናኘህ ለሚለኝ ሰው መልሱ ረዘም ይላል፤ ከወተቱ ልጀምር።

ማኅበሩ ከገበሬዎች ወተት ይረከባል፣ በታንክ ያቀዘቅዛል፣ የገዢው መኪና እስኪመጣ ድረስ ያቆያል። የታለበ ወተት ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልወረደ ባክቴሪያው ይራባል፤ ሲራባ ወተቱ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ ወተት የአልኮል ምርመራውን አያልፍም፤ ያላለፈውን ማንም አይገዛም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ ነገር ግን ጄኔሬተሩን የሚያስነሣ ሰው መንቃት አለበት። ስለዚህ የጠየቁኝ ነገር ከባድ አልነበረም፦ የታንኩን ሙቀት የምትለካ፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ለጥበቃውና ለሥራ አስኪያጁ ስልክ አጭር መልእክት የምትልክ ትንሽ ኮምፒውተር።

የመረጥኳት ቦርድ መዳፍ ላይ ተቀምጣ ቦታ ይተርፋል። ባለ 32 ቢት ኮርቴክስ ኤ7 የአርም ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ሜሞሪና የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አላት። ሙቀት መለኪያው ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ነው፤ በብረት ቱቦ ታሽጎ የሚሸጥ፣ ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ እስከ 125 ዲግሪ የሚለካ፣ በወተት ሙቀት አካባቢ ቢሳሳት ግማሽ ዲግሪ ብቻ የሚሳሳት ርካሽ ዕቃ። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ዋን-ዋየር በተባለ ዘዴ በአንድ የመረጃ ሽቦ ነው። ቦርዷ የምትሠራበት ስርዓተ ክወና፣ ሊኑክስ፣ ይህን ዘዴ ካወቀ ቆይቷል። የቦርዷ አምራች ግን (ስሙን ልተወው) አብሮ የሰጠውን ከርነል ሲሠራ ዋን-ዋየርን አጥፍቶታል። ከርነሉ 4.14 ነው፤ ዝርያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 የወጣ። ምርጫው ከጠፋ መለኪያውን ሰኩት አልሰኩት ለቦርዷ አንድ ነው። አምራቹን በኢሜል ጠየቅሁ፤ የመጣልኝ መልስ የምንጭ ኮዱ ማውረጃ አድራሻ ብቻ ነበር። ከክፋት አልቆጠርኩትም። ኮዱን ጨርሶ የማይሰጡም አሉና።

ከርነል ማለት የስርዓተ ክወናው አስኳል ነው። ሜሞሪን የሚያከፋፍለው፣ የትኛው ፕሮግራም መቼ ይሥራ የሚለውን የሚወስነው፣ ከሽቦና ከቺፕ ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ሆኖ ሲጀምረው ለአንድ ዓይነት የኢንቴል ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። ወደ አርም ያሻገረው ራስል ኪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ሥራውን የጀመረው በ1994 ነው። ዛሬ ምንጩ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። አብዛኛው እናንተም እኔም ዓይተነው ለማናውቀው ሃርድዌር የተጻፈ ነጂ ፕሮግራም ነው። ከዚህ ክምር ውስጥ ለቦርዱ የሚበጀውን መርጦ፣ ሌላውን ትቶ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ ነው ኮምፓይል ማድረግ የሚባለው። የእኔ ፍላጎት ከሺህ ምርጫዎች መካከል ሁለት ሦስቱን ማብራት ብቻ ነበር።

ይህን እዚያው ቦርዷ ላይ መሥራት አይቻልም አይባልም። ሆኖም በ512 ሜጋባይት ሜሞሪ ሲሞከር ሰዓታት ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በሚገጣጠምበት ጊዜ ሜሞሪው ያልቃል፤ ለሚሞሪ ካርዱም ዕድሜ አይበጅም። ስለዚህ ሥራው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ውጤቱ ወደ ትንሿ ይሄዳል። ክሮስ ኮምፓይል የሚሉት ይህንን ነው። የዴስክቶፑ ፕሮሰሰር የኢንቴል ወገን ነው፣ የቦርዷ የአርም፤ አንዱ የሚገባውን ትእዛዝ ሌላው አያውቀውም። በመሆኑም ኢንቴል ላይ እየሮጠ የአርም ትእዛዝ የሚጽፍ ልዩ ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ስሙ ረጅም ነው፦ አርም-ሊኑክስ-ግኑ-ኢኤቢአይ-ኤችኤፍ። የመጨረሻዋ ኤችኤፍ የነጥብ ቁጥሮች በራሱ በፕሮሰሰሩ ሃርድዌር ይሰላሉ ማለት ነው። ኤችኤፍ የሌለውን ኮምፓይለር ተጠቅሜ ይሆን ብለው የሚጨነቁ ጀማሪዎች አጋጥመውኛል። ለከርነል ለውጥ የለውም፤ ከርነል የነጥብ ቁጥር አይነካም። ልዩነቱ የሚመጣው በላዩ የሚሮጡትን ፕሮግራሞች ሲሠሩ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት። የአምራቹን ምንጭ አውርጄ፣ ኮምፓይለሩን ጭኜ፣ ሥራውን ሳስጀምር ገና ከመነሻው ቆመ። የስህተት መልእክቱ ዋይዋይሎክ የተባለ ተለዋዋጭ ሁለት ቦታ ተበይኗል ይላል። ስህተቱ የወጣው ለአርም ከሚሠራው ክፍል አልነበረም። ከርነል ሲሠራ በአንድ ጊዜ ሁለት ኮምፓይለር እንደሚሠራ ብዙ ሰው ልብ አይልም፦ አንደኛው ለቦርዷ፣ ሁለተኛው ለዴስክቶፑ። ከርነሉን ለመሥራት የሚያገለግሉ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ እነርሱ በቅድሚያ ለዴስክቶፑ ይሠራሉ፣ ከዚያ ሥራቸውን ይሠራሉ። የተሰናከለው ከእነዚያ አንዱ ነበር። በአሮጌው ምንጭ ያ ተለዋዋጭ በእርግጥም ሁለት ፋይል ውስጥ ተበይኗል። የቀድሞው ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ ማለት ነው) ሁለቱን ዝም ብሎ አንድ አድርጎ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የወጣው ጂሲሲ 10 ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ ከለከለ። እኔ ጋር ያለው ከዚያም በኋላ የመጣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው የሚሉ አሉ፤ አንድ መስመር መሰረዝ ወይም አንድ ቃል መጨመር ነው። እውነት ነው። በዋናው ከርነል ውስጥም የተስተካከለው እንደዚያ ነው፤ አምራቹ ግን የ4.14ን ቀደምት እትም ይዞ ስለቀረ ማስተካከያው አልደረሰውም። እኔ ግን በዚህ መንገድ መሄድ አልወድም። ዛሬ አንድ መስመር፣ ነገ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ከነገ ወዲያ የፓይተን ስሪት ይሆናል። በመጨረሻ የያዝኩት ምንጭ የአምራቹም የእኔም ሳይሆን ይቀራል፤ ቦርዷ ስታስቸግር ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። አሮጌ ምንጭ በዘመኑ ከነበሩ መሣሪያዎች ጋር ቢሠራ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዴቢያን 10፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ፣ ጂሲሲ 8ን የያዘ ነው፤ ለ4.14 ምቹ ነው። ታዲያ ለአንድ የወተት ታንክ ብዬ ዴስክቶፔን ወደ 2019 ልመልሰው?

ኮንቴይነር ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አንድን ፕሮግራም በዲስኩ አንድ ማኅደር ውስጥ ዘግቶ ዓለሙ ያ ብቻ እንዲመስለው ማድረግ ሊኑክስ አርአያ ባደረገው በዩኒክስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ነበረ። ሊኑክስ በሂደት የፕሮሰስ ቁጥሩን፣ ኔትወርኩን፣ የኮምፒውተሩን ስም ሳይቀር ለየብቻ ማሳየት ቻለ። ማን ምን ያህል ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ይጠቀም የሚለውን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ የጉግል መሐንዲሶች የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ዶከር የተባለው የኮንቴይነር መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ብቅ ሲል አብዛኛው ነገር ከርነሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር፤ የዶከር ብልሃት ይህን ሁሉ ተራ ሰው በአንድ ትእዛዝ እንዲጠቀምበት ማድረጉ ነው። እኔ አሁን አሁን የምጠቀመው የእርሱ አምሳያ የሆነውን ፖድማንን ነው፤ ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሮጥ አገልጋይ አይፈልግም፣ ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣንም ይሠራል።

ሁሌም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም። የዴቢያን 10 ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ የከርነሉን ስሪት ብጠይቅ የሚመልስልኝ የዴስክቶፔን 6 ቤት ከርነል ነው፤ ፋይሎቹ የ2019 ናቸው፣ አስኳሉ የዛሬ ነው። ከርነል የምሠራው ከርነል በሌለው ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። ግን ምንም አያስቸግርም፤ ምክንያቱም ኮምፓይለር ፋይል አንብቦ ፋይል ከመጻፍ በቀር ከከርነል የሚፈልገው የረቀቀ ነገር የለም። ይህ ዓይነቱ ሥራ ለኮንቴይነር የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከብዙዎቹ የድረ ገጽ አገልግሎቶች ይልቅ ይስማማዋል።

የኮንቴይነሩ አዘገጃጀት በአንድ አጭር ፋይል ይጻፋል፦ ከዴቢያን 10 ተነሣ፣ ይህን ኮምፓይለር ጫን፣ እነዚህን መሣሪያዎች ጨምር። በየመማሪያው የሚሰጠው ምክር ይህችን ፋይል በጥንቃቄ አስቀምጥ፣ ሌላው ሁሉ ከእርሷ ይወለዳል የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ፋይሏ የተጻፈባት ቀንና የምትሠራባት ቀን ይለያያሉ። አሮጌ ዴቢያን ድጋፉ ሲያበቃ ጥቅሎቹ ከዋናው ግምጃ ቤት ወጥተው ወደ ማኅደር ይዛወራሉ፤ ትናንት የሠራች ፋይል ዛሬ አድራሻው አልተገኘም ትላለች። ባይዛወሩም እንኳ እንደገና ለመሥራት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ ይጠይቃል። እንጀራ ልትጋግር የተነሣች ሴት እርሾ ቢያልቅባት ከጎረቤት ትለምናለች፤ ጎረቤቷም የምትሰጣት እርሾውን እንጂ እርሾ እንዴት እንደሚሠራ ማብራሪያ አይደለም። እኔም የማስቀምጠው የተዘጋጀውን ኢሜጅ፣ ኮንቴይነሩ የሚነሣበትን ሙሉ ቅጂ፣ ራሱን ነው። ሴቭ በሚለው ትእዛዝ ወደ አንድ የታር ፋይል (ብዙ ፋይል በአንድ የታሰረበት) ይወጣል፣ ይጨመቃል፣ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሎድ ሲባል ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ይህ ነገር ለእኛ ከሰርቨሩ ወሬ ሁሉ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው። የከርነሉን ምንጭ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ሙሉ ታሪኩን ይዤ ላውርድ ብል ብዙ ጊጋባይት ነው፤ ይባስ ብሎ ጊት በማውረድ ላይ ሳለ መስመር ቢቋረጥ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። የ4.14 የታር ፋይል ግን ወደ 100 ሜጋባይት ነው፤ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ጊትን የሚያደንቅ ሰው ታርን ያወርዳል። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ፣ ማውረዱን አስጀምሮ፣ ራውተሩ በላፕቶፑ ባትሪ እንዲሠራ ሽቦ ቀጥሎ የሚተኛ ሰው በዚህ ብሎክ ውስጥ እኔ ብቻ አይደለሁም።

የሥራ ባልደረባዬ ቱሉ ዲምቱ ነው የምትኖረው። ከተማው በእኔና በእሷ መካከል ነው። መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ናት፤ ለመሞከርም እንደ እኔ ያለ ከርነልና ሞጁሎች (ከርነሉ ላይ የሚጨመሩ ቁራጮች) ያስፈልጓታል። ፍላሹን መገናኛ ላይ ሰጠኋት። ታክሲ ተራው ዳር ካለ ካፌ ቡና ይዘን ቁጭ ብለን ሳለ ከላፕቶፗ ላይ ሰካችው።

«ኢንተርኔት አይፈልግም?»

«አንድ ባይት አይፈልግም።»

«ታዲያ ባለፈው ዓመት ይህንን ሁሉ ለምን አወረድኩት?»

መልስ አልነበረኝም። ኢሜጁ ተከፈተላት፣ ኮምፓይለሩም ስሪቱን ተናገረ። ምንጩን ስትፈታ ግን ችግር መጣ። ላፕቶፗ ዊንዶውስ ነው፤ ምንጩን የፈታችው የዊንዶውስ ዲስክ ላይ ነበር። የከርነሉ የኔትወርክ ማጣሪያ ክፍል ውስጥ ስማቸው አንድ ሆኖ በትልቁና በትንሹ ኤቢሲዲ ብቻ የሚለያዩ ፋይሎች አሉ። ለሊኑክስ ሁለት ፋይል ናቸው፤ ዊንዶውስ ግን እንደ አንድ ይቆጥራቸውና አንዱን በሌላው ላይ ይጽፋል። ትልቅና ትንሽ በሌለው ፊደል ላደገ ሰው ይህ የማያልቅ የራስ ምታት ነው። ምንጩ ኮንቴይነሩ በሚሮጥበት፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ባለው ሊኑክስ በኩል ባለ ዲስክ ላይ ሲፈታ ሁሉም ሰላም ሆነ። ፍጥነቱም እዚያ ይሻላል።

በዚህ አጋጣሚ ኮንቴይነር የማያድነውን ነገር ልናገር። ሥራው ሲያልቅ ኮንቴይነሩ ይጣላል፤ ስለዚህ ምንጩም ውጤቱም ውስጡ መቀመጥ የለባቸውም፣ ከውጭ የተገናኘ ማኅደር ላይ መሆን አለባቸው። በዶከር ደግሞ ካልተጠነቀቁ የተሠሩት ፋይሎች ባለቤታቸው ዋናው አስተዳዳሪ ይሆናል፣ በራስዎ ቤት ፋይል ለመሰረዝ ፈቃድ ይጠየቃሉ። ከሁሉም የከፋው መብራት ነው። ዴስክቶፑ ባትሪ የለውም። ኮምፓይል በመካሄድ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ብዙው ሥራ አይጠፋም፤ ሜክ የተባለው መሣሪያ የፋይሎቹን ሰዓት እያየ የተሠራውን ትቶ ያልተሠራውን ይቀጥላል። መብራቱ በጠፋባት ቅጽበት ሲጻፉ የነበሩት ፋይሎች ግን አንዳንዴ ስማቸው ብቻ ይቀራል፣ መጠናቸው ዜሮ ይሆናል። ምክንያቱም የፋይል ስርዓቱ መረጃውን ሜሞሪ ላይ አቆይቶ ዘግየት ብሎ ነው ወደ ዲስክ የሚያወርደው። ሜክ ፋይሉን አየ፣ ሰዓቱ ትኩስ ነው፣ ተሠርቷል ብሎ ያልፈዋል። ከብዙ ደቂቃዎች በኋላ መገጣጠሚያው መጥቶ ይህ ፋይል የተቆረጠ ነው ብሎ ይጮኻል። መብራት በመጣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ፋይሎችን ፈልጌ እሰርዛለሁ። ሲካሽ የተባለውንም አብሬ እጠቀማለሁ፤ አንድ ጊዜ የተሠራን ቁራጭ ያስታውሳል፣ ሁሉም ነገር ቢጸዳ እንኳ ዳግመኛ ሥራውን ያፋጥነዋል።

ከርነሉ ከተሠራ በኋላ መለኪያው የተሰካው የትኛው እግር ላይ እንደሆነ ለቦርዷ መንገር ይቀራል። ይህ የሚጻፈው ዲቫይስ ትሪ በሚባል ፋይል ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ የአርም ቦርድ ስለ ራሱ የሚናገር ኮድ ከርነሉ ውስጥ ያስገባ ነበር፤ ዝርክርክነቱ ሊኑስ ቶርቫልድስን እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ እስኪያስቆጣው ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የቦርዱ ገለጻ ከኮድ ወጥቶ ለብቻው ፋይል ሆኗል። የእኔ ጭማሪ ጥቂት መስመር ናት፦ እዚህ እግር ላይ ዋን-ዋየር አለ፣ ነጂው ይህ ነው። ዋይዋይሎክ ብሎ ያስቸገረኝ መሣሪያም ይህንኑ ፋይል ወደ ማሽን ቅርጽ የሚለውጠው ነው።

ቦርዷን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስነሣት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ስክሪን የላትም፤ ሦስት ቀጭን ሽቦ ከእግሮቿ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 115200 ቢት ነው። መጀመሪያ ዩ-ቡት የተባለው አስነሺ ይናገራል፣ ከርነሉን ከካርዱ ያነሣል፣ «ስታርቲንግ ከርነል» ይላል፣ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከሁለት ሰከንድ ካለፈ መጥፎ ነው። አላለፈም። ጽሑፉ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ከመስመሮቹም አንዷ የዋን-ዋየር ነጂ መነሣቱን ነገረችኝ። ከዚያ ቀኑን ጠየቅኳት። ጥር 1 ቀን 1970 አለችኝ፤ ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌላት ሁልጊዜ ከዩኒክስ የዘመን መነሻ ትጀምራለች። በእኛ ሲሰላ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። ከኔትወርክ ሰዓት እስክታገኝ ድረስ የምትመዘግበው ሙቀት ሁሉ በጃንሆይ ዘመን የተለካ ይሆናል።

ሰንዳፋ ስንሄድ ጠዋት ነበር፤ ብርድ ነው፣ የወተት ተረካቢዎቹ ጋቢ ደርበዋል። ለታንኩ ኃላፊ የሆኑትን ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ። ወተት በዓይናቸው አይተው ውኃ እንደገባበት የሚያውቁ፣ ላክቶሜትሩን ግን ለጨዋነት ሲሉ የሚጠቀሙ ይመስለኛል። ቦርዷ ተሰቀለች፣ መለኪያው ታንኩ ላይ ታሰረ። ትንሿ ማሳያ ላይ 3.8 ብቅ አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 3.9። ቀጥሎ 85።

«አንተ ልጅ፣ ማሽንህ ወተታችንን አፈላው እኮ!»

ተረካቢዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ቁጥሩን ሳየው ቀለል አለኝ፤ 85 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለምና። ዲኤስ18ቢ20 ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መዝገቡ ውስጥ አስቀድሞ የሚቀመጠው 85 ነው። መለካት ሲታዘዝ በሙሉ ጥራት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ በዚያ መካከል ጉልበት ካነሰው ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ሲጠየቅም ያንኑ 85 ያነብባል። ከርነሉ የሚሰጠው ፋይል ውስጥ 85000 ተብሎ ይታያል፣ በሺኛ ዲግሪ ነውና። ጉልበት ያነሰው ለምንድን ነው? ገመዱን የዘረጋው ኤሌክትሪሺያን መለኪያው ሦስት ሽቦ እያለው ሁለቱን ብቻ ቀጥሏል። መለኪያው እንዲህም ይሠራል፤ ከመረጃው ሽቦ ላይ ጉልበት እየሰረቀ ይኖራል። ነገር ግን ገመዱ ሲረዝም፣ የማቀዝቀዣው ሞተርም አጠገቡ ሲነሣ አይችልም። ሦስተኛው ሽቦ ተቀጠለ፣ ወተቱም ወደ 3.9 ተመለሰ። ያ ሁሉ ከርነል፣ ያ ሁሉ ኮንቴይነር ደህና ነበር። የቀረችው አንዲት ቀይ ሽቦ ናት።

«ሽቦው ነው ጋሼ።»

«እኔም ማሽኑ ነው አላልኩም፤ ማሽንህ ነው እንጂ ያልኩት።»

ልዩነቱ እስካሁን አልገባኝም።

ይህን ሥራ የሚያውቁ ወዳጆቼ ለምን ዮክቶን አልተጠቀምክም ይሉኛል። ዮክቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የተጀመረ፣ ከከርነሉ እስከ መጨረሻዋ ፕሮግራም ሁሉንም ከምንጭ የሚሠራ ትልቅ ማሽን ነው። ለትልልቅ ምርቶች ሸጋ ነው። ግን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ምንጭም ከየቦታው ያወርዳል። እኔ ባለሁበት ቦታ ያ ማለት ከፓኬጁ በላይ ወጪ፣ ከመብራቱ በላይ ሰዓት ነው። ቢልድሩት የተባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ቀለል ይላል፤ ብዙ ቦርድ የሚይዝ ሥራ ቢመጣልኝ ወደ እርሱ እሄዳለሁ። ለአንድ ከርነልና ለሁለት ሞጁል ግን ኮንቴይነርና አንድ ገጽ የማትሞላ ስክሪፕት በቂ ናቸው።

ማኅበሩ አሁን ሁለተኛ ታንክ ገዝቷል። ለእርሱ የአምራቹን 4.14 ትቼ ዋናውን 6.12 ልሞክር ብዬ ሌላ ኮንቴይነር አዘጋጅቻለሁ፤ እርሱ ዴቢያን 12 ነው። ሁለቱ ኢሜጆች ፍላሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ኮምፓይለር አይነካም። መለኪያው በአዲሱ ከርነል ያለ ምንም ጭቅጭቅ ሠርቷል። የማሳያው ነጂ ግን የሚገኘው የአምራቹ ምንጭ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እርሱን ወደ አዲሱ ማሻገር ይቀረኛል። ጋሼ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው፦ መልእክቱ በአማርኛ ይምጣልኝ ብለዋል። ትክክል ናቸው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ጥበቃ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሲፈታ መቆየት የለበትም። ሆኖም አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የታንኩን ቁጥር፣ ሙቀቱን፣ ሰዓቱንና «ጄኔሬተሩን አስነሡ» የሚለውን በ70 ሆሄ መጨረስ የከርነል ሥራ አይደለምና ለቱሉ ዲምቷ ባልደረባዬ አስተላልፌዋለሁ።